በጀልባ ሂዱ፣ በእግር ተመለሱ

የፋሲካ ማግስት ነበር። ከመርሳ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ወደ ሐይቅ ተጓዝን። ግማሾቻችን ጾም የፈታን ክርስቲያኖች ነን፤ ግማሾቹ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉ መጥተው አብረው የተሳፈሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ወሎ ነውና ይህ ለማንም ዜና አይሆንም። ውርጌሳን አልፈን፣ ውጫሌን አልፈን ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም ነበር። ዳርቻው ላይ የዓሣ ጥብስ በላን፣ በጀልባ ዋጋ ተከራከርን፣ ተሳፈርን። ጀልባዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር ሁላችንም ስልካችንን አወጣን።

ያን ዕለት ከተነሳነው ፎቶ ሥር ከመካከላችን አንዱ «በሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት፣ ከወዳጆቼ ጋር» ብሎ ለጠፈ። መቶ ምናምን ሰው ወደደው። እኔም ወደድኩት።

ችግሩ ደሴት የለም።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ዛሬ በአንድ ወገኑ ከየብስ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በእግር ይገባል። ጀልባ የምንሳፈረው ደስ ስለሚለን እንጂ ሌላ መንገድ ስለጠፋ አይደለም። ደስታውን አልቃወምም፤ እኔም ተደስቻለሁ። የምቃወመው ጀልባዋ የምትደብቅብንን ነገር ነው። በውኃ ዞረን ስንገባ የድሮው ደሴት ዛሬም ደሴት ይመስለናል። በእግር ብንገባ ግን ጥያቄው ከእግራችን ሥር ይነሳ ነበር፦ እዚህ የነበረው ውኃ የት ሄደ?

ጥያቄው ለእኔ አልመጣልኝም። የመጣው ለእህቴ ነው። የወንዶቹ ገዳም ሴት አያስገባም። ሥርዓቱን ስለምታውቅ ቅር ሳይላት ከደጅ ቀረች። እኛ ገብተን፣ ተሳልመን፣ ቅርሶቹን አይተን ስንወጣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጠው ሲያወጓት አገኘናቸው። «ልጄ፣ አያቶቻችን እኮ እዚህ በታንኳ ነበር የሚሻገሩት። አንቺ አሁን የተቀመጥሽበት ውኃ ነበር» ብለዋታል። እህቴ ይህን ስትነግረን መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መሬቱን አየች፣ እኛን አየች፣ «ታዲያ እናንተ ለጀልባው ስንት ከፈላችሁ?» አለች።

ዋጋውን ነገርናት። የጠየቀችን ግን ዋጋውን አልነበረም። ለዋናው ጥያቄዋ ዘግይቼም ቢሆን መልስ ልስጥ።

የሽማግሌው ነገር የአፍ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር አገራችንን ያየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህ ገዳም በሐይቁ ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ እንዳለ ጽፏል። መነኮሳቱ ከሸምበቆ በተሠራ ታንኳ ይመላለሱ እንደነበር፣ ደሴቷም ብርቱካንና ሎሚ የበዛባት እንደነበረች ይተርካል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የኢማም አህመድ ጦር ሲመጣ ገዳሙ ለመድረስ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር መሥራት አስፈልጎት ነበር። ይህን የመዘገበው ደግሞ የኢማሙ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ነው። አንዱ የክርስቲያን ቄስ፣ አንዱ ሙስሊም የታሪክ ጸሐፊ። በብዙ ነገር ባይስማሙም እዚያ ቦታ ውኃ እንደነበረ ሁለቱም መሰከሩ። ዛሬ እዚያው ቦታ እህቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

ውኃው ለገዳሙ ጌጥ ብቻ አልነበረም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያችን ቦታ የትምህርት ማዕከል ሲያደርጉ ውኃው አጥር ነበር፤ ከገበያውም ከጦሩም የሚከልል አጥር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። የገዳሙ አለቆች «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች ጋር ይቆጠሩ ነበር። ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እስከ ዘመናችን የደረሰው በዚህ ገዳም ተጠብቆ ነው። ይህ ሁሉ ታሪክ ሲነገር የምንሰማው ስለ መጽሐፉ፣ ስለ መስቀሉ፣ ስለ ነገሥታቱ ነው። ስለ አጥሩ ማንም አያወራም። አጥሩ ፈርሷል፤ እኛ ግን በፈረሰው አጥር ዙሪያ በጀልባ እየዞርን «እንዴት ያምራል!» እንላለን።

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አባቶች። ሐይቅ ላይ ተረቱ ተገለበጠ፤ እኛ እየሳቅን ውኃው ተወሰደ።

ማን ወሰደው? እዚህ ላይ ቸኩሎ ገበሬውን መክሰስ ቀላል ነው። እኔም በልቤ መጀመሪያ የከሰስኩት እሱን ነው፤ በመንገድ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲያጉረመርም ሰምቼ ነበርና። ፍርዱ ግን ትክክል አልነበረም። ደሴቱ ከየብስ ጋር የተያያዘው ሞተር በየማሳው ከመበተኑ በፊት ነው። ሐይቆች በዘመናት መካከል ከፍም ዝቅም ይላሉ። የትናንቱን በዛሬው ገበሬ ላይ መለጠፍ ግፍ ነው። ነገር ግን የትናንቱ ዝቅታ የሚያስተምረን ነገር አለ፦ ይህ ሐይቅ መሸሽ ይችላል። አንድ ጊዜ ሸሽቶ አሳይቶናል። ይህን አይቶ ዛሬ የሚወጣውን ውኃ የማይቆጥር ሰው ምን ይባላል?

የሐይቅን ጠባይ እንመልከት። ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከጀልባ ላይ ወደ ታች ላየው ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ግን መውጫ ወንዝ የለውም። ጣና የገባለትን ውኃ በዓባይ ያስወጣል፤ ሐይቅ ግን የገባለትን ይዞ ይቀራል። ገቢው ዝናብ፣ ከዙሪያው ተራራ የሚወርድ ውኃና ከአርዲቦ ሐይቅ አቅጣጫ የሚመጣው ወንዝ ነው። ወጪው በዋናነት ፀሐይ የምታተነውና ሰው የሚቀዳው ነው። በወር ደመወዝ ብቻ እንደሚተዳደር ቤት ማለት ነው። ወንዙ ከላይ ለመስኖ ከተጠለፈ፣ ዝናቡ ከዘገየ፣ ሞተሩ ከበዛ፣ ልዩነቱ ዳርቻው ላይ ይታያል።

መውጫ አለመኖሩ ሌላም መዘዝ አለው። ወደ ሐይቅ የገባ ነገር ከሐይቅ አይወጣም። ከተራቆተው ገመገም የታጠበው አፈር፣ ከማሳው የወረደው ማዳበሪያ፣ ልብስ የታጠበበት ሳሙና፣ እኛ በፋሲካ ማግስት ከጀልባዋ ላይ የወረወርነው የውኃ ፕላስቲክ፣ ሁሉም እዚያው ይቀመጣል። አዎ፣ ወርውረናል። ከመካከላችን አንዱ ሲጥል አይቼ ዝም አልኩ። «በበዓል ቀን ሰው አይቆጡም» ብዬ። ያ ፕላስቲክ ይህን ስጽፍም እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

«ተጋነነ፤ ሐይቅ የሚያህል ነገር ይደርቃል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ሐረማያን ያየ ይጠይቅ። ሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረ፣ ዓሣ የሚሰገርበት ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከተማው ቀዳው፣ የጫትና የአትክልቱ ማሳ ቀዳው፣ ከተራራው የወረደው ደለል ሞላው። ማንም ብቻውን አላደረቀውም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰደ፣ ማንም ድምሩን አልያዘም። ሐረር የመጠጥ ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው ወደ ሐረማያ ተመልሷል። ደስ ይላል። ይህ ማለት ሰው ልብ ከገዛና ዝናብ ካገዘ ሐይቅ ይመለሳል። ግን እስኪደርቅ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የተረቱት እኮ የእኛው አባቶች ናቸው። በሐይቅ ዙሪያ ያለውን ማሳ ያየ ሰው ሐረማያን ያደረቁትን ሰብሎች እዚህም ያገኛቸዋል።

ከአገር ወጣ ብለን ደግሞ ሞይናቅን እንይ። ኡዝቤኪስታን ውስጥ ያለች፣ በአራል ባሕር ዳርቻ በዓሣ የምትተዳደር የወደብ ከተማ ነበረች። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት የባሕሩን ሁለት ገባር ወንዞች ለጥጥ ማሳ በሰፊው ጠለፋቸው። ዛሬ ውኃው ከከተማዋ እጅግ ርቆ ሄዷል፤ የዛጉ መርከቦች አሸዋ ላይ ተጋድመዋል። የሚገርመው ሞይናቅ ዛሬም ጎብኚ አላት። ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ በአሸዋው ላይ ከተጋደሙት መርከቦች ጋር ፎቶ ይነሳል።

ይህን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። ውኃው ቢያልቅም ጎብኚ መምጣቱን አያቆምም። ስለዚህ በየበዓሉ ማግስት «ይህን ያህል ሺህ ጎብኚ ሐይቅን ጎበኘ» የሚል ዜና ስንሰማ ስለ ሐይቁ የሰማነው ነገር የለም። የሰማነው ስለ ራሳችን ነው። ለቱሪዝም ኃላፊዎቻችን ያለኝ ክርክር ይኼ ነው፦ የሰው ቁጥር ትይዛላችሁ፣ የገቢ ቁጥር ትይዛላችሁ፣ የውኃውን ቁጥር ግን ለጎብኚው አትነግሩትም። ያን ዕለት ከጀልባው መነሻ ጀምሬ እስከ ገዳሙ ደጅ ድረስ የሐይቁን ከፍታ የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ፈልጌ አላገኘሁም። የጀልባ ዋጋ ተጽፎ አይቻለሁ። የዓሣ ዋጋ ተጽፎ አይቻለሁ። ክልላችን «ጣናና ሌሎች የውኃ አካላት» በሚል ስም መሥሪያ ቤት አቋቁሟል፤ መልካም ነው። ሐይቅ ግን በዚያ ስም ውስጥ «ሌሎች» ከሚለው ቃል ሥር ነው ያለው። ጣና በእምቦጭ ሲወረር አገር ጮኸ፣ ወጣቱ ከየከተማው እየዘመተ በእጁ ነቀለ። ለ«ሌሎች» ማን ይጩህ?

እኛ የሀብሩ ሰዎች እንጩህ እላለሁ። ለምን መሰላችሁ? ውኃ እንዴት እንደሚተዳደር እናውቃለንና።

የመስኖ ልጅ ነኝ። በአባቴ ማሳ ላይ በሌሊት ፋኖስ ይዤ ውኃ መልሻለሁ። የመርሳን ብርቱካንና ፓፓያ፣ የግራናን ሽንኩርት የሚበላ ሰው የማያውቀው አንድ ሰው አለ፤ የውኃ አባት ይባላል። ቦዩ ላይ ተራ የሚያወጣው እሱ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ሀብታም ስለሆነ ቀድሞ አይወስድም፤ ከታች ያለው ድሃ ስለሆነ አይዘለልም። በሌሊት ሰርቆ የመለሰ ይቀጣል፤ ቦይ ጠረጋ የቀረ ይቀጣል። ውኃው ሲያንስ የሁሉም ተራ እኩል ያጥራል። የተማረ መሐንዲስ ሳይሆን ሰው የሚያምነው፣ ሲፈርድ የማያዳላ ገበሬ ነው። በሥጋ ወንድሙ ላይ የፈረደ የውኃ አባት አይቻለሁ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ክንድ የማይሞላ ስፋት ያለው ቦይ አባት አለው። ሃያ ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ ግን አባት የለውም። ገዳሙ ይጸልይበታል፣ ዓሣ አጥማጁ መረብ ይጥልበታል፣ ገበሬው ይቀዳበታል፣ ከተማው ያጥብበታል፣ ኃላፊው ያስተዋውቀዋል፣ እኛ ፎቶ እንነሳበታለን። ስድስት ወገን ይጠቀምበታል፤ «ዛሬ በቃ፣ ተራህ አልፏል» የሚል ግን አንድም የለም።

አሁን ወደሚነሱት ተቃውሞዎች ልምጣ። በውስጥ መስመር እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁና ቀድሜ ልመልስ።

«በበዓል ሰው ይረፍበት፣ ምን በሁሉ ነገር ታስጨንቀናለህ» ትሉኛላችሁ። እረፉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ለእረፍት የሄዳችሁበት ቦታ የሌላ ሰው የሥራ ቀኑ ነው። ጀልባ የሚነዳው ልጅ፣ ዓሣ የምትጠብሰው እናት፣ ማኅበር ገብቶ መረብ የሚጥለው ጎልማሳ ነገም እዚያው ናቸው። ውኃው ሲርቅ ጀልባውን እየገፉ ወደ ውኃው የሚወስዱት እነሱ ናቸው። ዓሣው ሲያንስ የሚጦሙት እነሱ ናቸው። የእንግዳ ደንቡ ቤት ሲገቡ «ቤቱ ደህና ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ሳይጠይቅ ቡና የሚጠጣ እንግዳ አለ?

«ገበሬው ምን ይብላ?» ትሉኛላችሁ። ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው። የሞተር ጠላት አይደለሁም። በመስኖ የሚያርስ ሰው በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያመርታል፤ ዝናብ ጠባቂው አንዴ፣ እሱም ከቀናው። ማንም ከከተማ መጥቶ «ለውበቱ ሲባል አትቅዳ» ቢለው ገበሬው ቢሰድበው እውነቱን ነው። የምለው ግን ይህ ነው፦ ሳይለካ የሚቀዳ ገበሬ የሚቀዳው ከልጁ ድርሻ ነው። ይህንን ደግሞ እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ በቦዩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ቦዩ ላይ የሠራው ሕግ ሐይቁ ላይ እንዲሠራ ነው የምጠይቀው። ማስቆም ሌላ፣ ተራ ማውጣት ሌላ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። «ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ውኃ ታወራለህ?»

አላቃልለውም። በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ገባ፤ በ2014 መጀመሪያ ሐይቅንና ደሴን አዳረሰ። የተቀበረውን ሰው፣ የተዘረፈውን ቤት የምናውቅ እናውቀዋለን። ከ2015 ማብቂያ ወዲህም ክልላችን ከተኩስ ድምፅ አላረፈም። ለዚህች የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ መንገዱ ክፍት መሆኑን ስንቴ ደውለን እንዳጣራን እኛ ነን የምናውቀው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ሐይቅ ከፍታ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል።

ግን ዋዜማው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴን «ነገ ሐይቅ ሄደን ጀልባ ልንሳፈር ነው» አልኳት። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «የምን ጀልባ?» አለች። ፊቷን አይቼ ደነገጥኩ። ለእሷ ጀልባ ማለት የኦቦክ ጀልባ ነው። ከሀብሩ፣ ከወልድያ፣ ከቆቦ ስንት ልጅ በአፋር በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ እንደወረደ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጨለማ ተሳፍሮ ወደ የመን እንደተሻገረ የማያውቅ የእኛ አገር እናት የለችም። አንዳንዱ ከሳዑዲ ደውሏል። አንዳንዱ አልደወለም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ የተገለበጠችው ጀልባ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ነበረች፤ ከ90 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በፊትም በሚያዝያ 2016ም በመስከረም 2017ም እዚያው ጅቡቲ ጠረፍ ላይ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰጥመዋል። የእኛ ሰፈር ሴቶች እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት የሟቾቹን ቁጥር አይደለም፤ «ከየት አገር ልጆች ናቸው?» ነው የሚሉት።

ይህን ልጅ ጀልባ ላይ ያወጣው ምንድን ነው? ጦርነት አለበት፣ ሥራ ማጣት አለበት፣ ደላላ አለበት። መሬትና ውኃ ማጣትም አለበት። በየስብሰባው «ሕገ ወጥ ስደት አስከፊ ነው» ብለን ብዙ ሰብከናል። ስብከቱን ሰምቶ የቀረ ልጅ አላውቅም። ቦይ ዳር ሩብ ሄክታር አግኝቶ፣ ሽንኩርት ተክሎ፣ ሞተር ተከራይቶ የቀረ ልጅ ግን አውቃለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱን ያስቀረው ውኃ ነው። ስለዚህ «ሰው እየሞተ ስለ ውኃ ታወራለህ» ለሚለኝ መልሴ፦ አዎ፣ ሰው እየሞተ ስለሆነ ነው የማወራው። ውኃውን መያዝ ያልቻለ አገር ልጁን መያዝ አይችልም። ዛሬ ሐይቅ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ውኃው ርቆት ማሳው ቢከዳው የእሱ ልጅም ወደ ኦቦክ የሚወስደውን መንገድ ይጠይቃል። ያኔ ለሐይቁም ለልጁም ሰብሳቢ አይገኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር ነው የምጠይቀው፤ ሦስቱም ብዙ ብር አይፈልጉም።

አንደኛ፣ ከጀልባው መነሻ ላይ አንድ ምሰሶ ይተከል። ከላይ እስከ ታች በሜትርና በሴንቲ ሜትር ቀለም ይቀባ። በየወሩ የውኃው ከፍታ የት እንደደረሰ ከነቀኑ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ያምናው ከዘንድሮው ጎን ይቀመጥ። ከበዓል በኋላ የጎብኚው ቁጥር በዜና ሲነገር የውኃው ቁጥር ቀድሞ ይነገር። ምሰሶ መትከል ያቃተው መሥሪያ ቤት ሐይቅ እጠብቃለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ሁለተኛ፣ ለሐይቁ የውኃ አባት ይመረጥለት። አንድ ሰው ባይሆን አንድ ሸንጎ። ከገዳሙ አባት፣ ከመስጊዱ ሼህ፣ ከዓሣ አጥማጁ፣ ከጀልባ ነጂው፣ ከላይኛው ወንዝ ገበሬ፣ ከታችኛው ዳርቻ ገበሬ፣ ከከተማው ነዋሪ። ሥራቸው እንደ ቦዩ አባት ነው፤ ምሰሶውን አይተው ተራ ያወጣሉ፣ ያጠፋውን ይቀጣሉ። ወረዳው በሕግ ይደግፋቸው፤ በስብሰባ አበል አያባልጋቸው። በወሎ ምድር ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አሉን። ደም ያስታረቀ ሸንጎ ሞተር ማስታረቅ አያቅተውም።

ሦስተኛው የእኛ የጎብኚዎቹ ነው። ከጀልባ ነጂው ጋር በአምስት ብር አትከራከሩ። ይዛችሁ የሄዳችሁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ጓደኛችሁ ሲጥል ካያችሁ፣ በዓልም ቢሆን፣ ተቆጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትሄዱ በጀልባ ሂዱ፣ ስትመለሱ በእግር ተመለሱ። አቅመ ደካማ ካልሆናችሁ በቀር ብዙ አያደክምም። በዚያ በተያያዘው መሬት ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። በጀርባችሁ ገዳሙ አለ፣ በግራና በቀኝ ውኃው ይታያችኋል። የቆማችሁበት ቦታ አንድ ጊዜ ታንኳ የሚያልፍበት ነበር። ፎቶ መነሳት ከፈለጋችሁ እዚያ ተነሱ። ከሥሩም «ደሴት» ብላችሁ አትጻፉ።

እኛ ያን ዕለት እንዲህ አላደረግንም። ጀልባው ሒሳቡን ተቀብሎ ይጠብቀን ስለነበር ተመልሰን ተሳፈርን። እህቴ ግን አልተሳፈረችም። ከሽማግሌው ጋር በእግሯ መጣች። እኛ ደርሰን ሻይ አዘን ስንጠብቅ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ደረሰች። «ምን አየሽ?» አልናት። «ጎመን» አለች። «ጎመን ተክለውበታል።»

ከዚያ ወዲህ ያን ፎቶ ባየሁት ቁጥር ከውኃው በስተጀርባ ያለው፣ በፎቶው የማይታየው ጎመን ይታየኛል። ጎመኑን የተከለው ሰው አልጠላሁትም፤ መሬት አገኘ፣ ተከለ፣ ልጆቹን አበላ። የሚቀጥለው መሬት ከውኃው ሥር ሲወጣ ግን የሚለካ፣ «እዚህ ላይ ይብቃ» የሚል ሰው ይኑር ነው የምለው።

ለአረፋም፣ ለእንቁጣጣሽም፣ ለጥምቀትም ሐይቅ የምትሄዱ ወዳጆቼ፣ እንኳን በደህና ሄዳችሁ በደህና ተመለሳችሁ የምንባባልበት ጊዜ ያምጣልን። ስትሄዱ ግን ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ውኃው ዘንድሮ ስንት ደረሰ?» የሚመልስ ከጠፋ በሚቀጥለው ጊዜም ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይስቁበታል። ሚኒባስ ሙሉ ሰው በየበዓሉ ከጠየቀ ግን ምሰሶው ይተከላል።

ቸር ያሰንብተን።